ቀዩን ከቢጫው፦ የኮምፓይለር ኤረርና ዋርኒንግ እንዴት እንለያለን?

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ 41 ኤረር!» አለችኝ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። አሳይንመንቱ ሰኞ ይገባል። የተማሪዎችን ውጤት መዝግቦ አማካይ የሚያወጣ፣ በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። አምስት ፋይል አለው። ኤረር ማለት ኮምፓይለሩ (የጻፍነውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) «ይህን አልገነባም» ሲል ነው፤ ዋርኒንግ ደግሞ «እገነባዋለሁ፣ ግን ያጠራጥራል» ሲል።

ቁጭ ብለን አየነው። ከ41ዱ 38ቱ የመጡት ከአንዲት ፊደል ነበር። ሄደር ፋይሉ (ሌሎቹ ፋይሎች የሚጋሩት የስሞች ማውጫ) ላይ ለስትራክቱ፣ ማለትም የተማሪውን መረጃ አንድ ላይ ለሚይዘው ዓይነት፣ ስም ስታወጣ አንድ ፊደል ዘላለች። ከዚያ በኋላ በትክክለኛው ስም የጠራው ፈንክሽን ሁሉ «እንዲህ የሚባል ዓይነት አላውቅም» እየተባለ ቀይ ለበሰ። ፊደሏ ስትመለስ ሦስት ቀሩ።

ልጅቷ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትታገል የቆየችው ከመሃል ጀምራ ነው። አንዱን ስትነካው ሌላው ይወጣል። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ያን ቀን ያደረግነውን በተራ ልጻፍላችሁ። ኤዲተሩ ቪኤስ ኮድ፣ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ነው። ክላንግ የተባለውን ሌላ ኮምፓይለር ለምትጠቀሙም ነገሩ ያው ነው፤ የአማራጮቹም ስም በአብዛኛው አንድ ነው።

1. ፓኔሉን ክፈቱ

«ኮንትሮል + ሺፍት + ኤም» ስትጫኑ ከታች «ፕሮብለምስ» የሚለው ፓኔል ይከፈታል። በመስኮቱ ግርጌ በግራ በኩል ክብ ውስጥ ያለች ኤክስና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከነቁጥራቸው ታያላችሁ። ክቧ ኤረር፣ ሦስት ማዕዘኗ ዋርኒንግ ናት። እነሱን ብትጫኑም ፓኔሉ ይከፈታል። ኮዱ ውስጥ ደግሞ ቀይ የተጠማዘዘ መስመር ኤረር ነው፤ ቢጫ ዋርኒንግ፤ ሰማያዊ መረጃ። «ኤፍ 8» ከአንዱ ችግር ወደ ቀጣዩ ይወስዳችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ፓኔሉ ችግሮቹን የሚያሳያችሁ ኮምፓይለሩ በተናገረበት ቅደም ተከተል አይደለም። በፋይል ይከፋፍላቸዋል፤ በየፋይሉ ውስጥ ደግሞ ከባዱን ወደ ላይ ያወጣል። ስለዚህ ፓኔሉ አናት ላይ ያለው ኤረር ኮምፓይለሩ መጀመሪያ ያየው ላይሆን ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ የፕሮብለምስ «ሶርት ኦርደር» የምትለዋን ከክብደት ወደ ቦታ ብትቀይሯት፣ ቢያንስ በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉት በመስመር ቁጥር ይሰለፋሉ። የፋይሎቹን ቅደም ተከተል ግን ማየት የምትችሉት ተርሚናሉ (ኮምፓይለሩ መልእክቱን እንዳለ የሚጽፍበት መስኮት) ላይ ብቻ ነው። ፓኔሉ ለመቁጠርና ለመዝለል ይመቻል። የመጀመሪያውን ጥፋት ለማግኘት ግን ተርሚናሉን ወደ ላይ አሸብልሉ።

2. የሚናገረው ማን እንደሆነ ለዩ

በአንድ ፓኔል ውስጥ ሁለት ተናጋሪ አለ። አንደኛው የቋንቋው ኤክስቴንሽን ነው። እናንተ ስትጽፉ ከኋላ ሆኖ እያነበበ ይገምታል። ሁለተኛው «ኮንትሮል + ሺፍት + ቢ» ብላችሁ ስትገነቡ የሚመጣው እውነተኛው ኮምፓይለር ነው። አንዳንዴ ሁለቱም ስለ አንድ ጥፋት ያወራሉ፤ ያኔ አንዱ ችግር ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ኮዱ በሰላም ተገንብቶ እየሠራ ቀይ መስመር ከቀረ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኤክስቴንሽኑ ነው። ሄደር ፋይሎቹ የት ፎልደር እንዳሉ አልተነገረውም ማለት ነው። ኮዱን አትንኩ፤ «ኢንክሉድ ፓዝ» የምትለዋን ሴቲንግ አስተካክሉ።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ፓኔሉ ንጹሕ ነው፣ ግንባታው ግን ይወድቃል። ያኔ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ሊንከሩ (የተጠናቀሩትን ፋይሎች አያይዞ አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው) ነው። ቪኤስ ኮድ የኮምፓይለሩን መልእክት ወደ ፓኔሉ የሚያስገባው በቅርጹ ለይቶ ነው፦ የፋይል ስም፣ የመስመር ቁጥር፣ የዓምድ ቁጥር፣ ከዚያ ኤረር ወይም ዋርኒንግ የሚል ቃል፣ ከዚያ መልእክቱ። የሊንከር መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቅርጽ አይከተልም። ስለዚህ ተርሚናሉ ላይ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ጥል ሲፈጠር ዳኛው ተርሚናሉ ነው።

3. አሮጌውን ጠርጉ

ሁሉንም ፋይል ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ከዜሮ ገንቡ። ሜክ የተባለውን የግንባታ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ «ሜክ ክሊን» በሉ። ምክንያቱም ሜክ የተነካውን ፋይል ብቻ ነው ደግሞ የሚያጠናቅረው። ትናንት ዋርኒንግ የሰጠ ፋይል ዛሬ ካልተነካ ዝም ይላል። ዋርኒንጉ የጠፋ ይመስላችኋል፤ የትም አልሄደም።

4. ኤረሮቹን በአራት ቁልል ክፈሉ

ቀዩ ሁሉ አንድ አይደለም። ኮምፓይለሩ በየትኛው ደረጃ ላይ እያለ እንደተናገረ ካወቃችሁ የት መፈለግ እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ቁልል «ፌታል ኤረር» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኢንክሉድ ያደረጋችሁት ፋይል ሲታጣ ነው። ኮምፓይለሩ እዚያው ያቆማል፤ ቀሪውን ፋይል አያነብም። ስለዚህ አንድ ፌታል ኤረር ብቻ አይታችሁ «አንድ ብቻ ናት» ብላችሁ አትጽናኑ። ከኋላዋ ምን እንዳለ ገና አልታየም።

ሁለተኛው የሰዋስው ጥፋት ነው። መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ «ኤክስፔክትድ» በሚል ቃል ይጀምራል፤ እዚህ ቦታ ሴሚኮለን፣ ቅንፍ ወይም ስም ጠብቄ ነበር ማለቱ ነው። እዚህ የመስመር ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ኮምፓይለሩ የጎደለውን የሚያውቀው ቀጥሎ የመጣውን ሲያይ ነው። 27ኛው መስመር ላይ ካለቀሰ 26ኛውን እዩ። መስመር 27 የፋይሉ መጀመሪያ ከሆነና ከላዩ ያሉት ኢንክሉዶች ብቻ ከሆኑ ደግሞ የመጨረሻውን ሄደር ፋይል መጨረሻ እዩ። ስትራክት ዘግታችሁ ሴሚኮለን ስትረሱ ጩኸቱ የሚሰማው ከጎረቤት ቤት ነው።

እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ የራሳችን የሆነ የሰዋስው ጥፋት አለን። ልጅቷ ከቀሯት ሦስት ኤረሮች ሁለቱ ይህ ነበሩ። ኮመንት በአማርኛ ጽፋ ኪቦርዱን ሳትመልስ ቀጠለችና በ«;» ፈንታ «፤» አስገባች። በዓይን ሲያዩት ለመለየት ያስቸግራል፤ በተለይ ፊደሉ ትንሽ ከሆነ። መልእክቱም እንደ ኮምፓይለሩ ዕድሜ ይለያያል። የድሮው ጂሲሲ «ስትሬይ» ይልና የ«፤»ን ባይቶች በቁጥር ይደረድራል፦ 341፣ 215፣ 244። ከጂሲሲ 10 ወዲህ ግን ስሞች ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላትም እንዲጻፉ ስለተፈቀደ፣ «፤»ን ከፊቷ ካለው ስም ጋር አጣብቆ «እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም» ሊላችሁ ይችላል። የምታውቁትን ስም አላውቅም ካላችሁ ጅራቱን እዩ። ከቴሌግራም ወይም ከዎርድ የተቀዳ ኮድ ውስጥ የሚገቡ የታጠፉ የጥቅስ ምልክቶችም ዘመዶቹ ናቸው።

ሦስተኛው የትርጉም ጥፋት ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ስሙ ግን አይታወቅም፣ ወይም ዓይነቱ አይገጥምም፣ ወይም ፈንክሽኑ ሁለት ነገር ሲጠብቅ ሦስት ሰጥታችሁታል። ቁጥሩ የሚያታልለው እዚህ ቁልል ውስጥ ነው። ጂሲሲ በሲ ውስጥ ያልታወጀን ቫርያብል በአንድ ፈንክሽን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚናገረው። አንድ የተሳሳተ ስም በ12 ፈንክሽን ውስጥ ካለ 12 ኤረር ይሆናል። ቁጥሩ ጥፋቱን ሳይሆን የተነኩትን ፈንክሽኖች ነው የሚቆጥረው። ተመሳሳይ ስም የያዙትን ለማየት ፓኔሉ ላይ ያለችው የማጣሪያ ሳጥን ውስጥ ስሙን ጻፉት። 38 ረድፍ ከወጣ አንድ ጥፋት አግኝታችኋል።

አራተኛው የሊንከር ነው። «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ካለ ፈንክሽኑ ታውጇል፣ አካሉ ግን አልተገኘም። ለጀማሪዎች ዋናው ምክንያት ይህ ነው፦ የቪኤስ ኮድ የሲ ኤክስቴንሽን አዘጋጅቶ የሚሰጣችሁ የግንባታ ትእዛዝ አሁን የተከፈተውን አንድ ፋይል ብቻ ነው የሚያጠናቅረው። አምስት ፋይል ካላችሁ አራቱ ተረስተዋል። «ታስክስ ዶት ጄሰን» የሚለውን ፋይል ከፍታችሁ በዚያ ቦታ በፎልደሩ ያሉትን የሲ ፋይሎች በሙሉ እንዲወስድ አድርጉ። ሊኑክስ ላይ እንደ ካሬ ሥር ያሉ የሒሳብ ፈንክሽኖች ከሆኑ የታጡት፣ የሒሳብ ላይብረሪውን የሚጠራው «ሰረዝ ኤል ኤም» ከፋይሎቹ ስም በኋላ መምጣት አለበት። ከፊት ካስቀደማችሁት ሊንከሩ ሊያልፈው ይችላል። «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ካለ ደግሞ ሄደር ፋይል ውስጥ ቫርያብል ፈጥራችሁ ይሆናል። ድሮ ጂሲሲ በሲ ውስጥ ይህን በዝምታ ያልፈው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከጂሲሲ 10 ጀምሮ ግን አያልፍም።

5. አንዱን አስተካክሉ፤ ደግማችሁ ገንቡ

ቅደም ተከተሉ በቁልሎቹ ተራ ነው። ከየቁልሉ ደግሞ ተርሚናሉ ላይ ከላይ ያለውን። አስተካክሉ፣ ገንቡ፣ እንደገና ቁጠሩ። 41ዱን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትሞክሩ። ፈተናው ከከበደ ኮምፓይለሩን በመጀመሪያው ኤረር እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል። አማራጩ «ማክስ ኤረርስ» ይባላል፤ ቁጥሩን 1 ብታደርጉት አንድ ብቻ ያሳያል።

«ኖት» የሚል ረድፍ ስታዩ እንደ ሌላ ችግር አትቁጠሩት። ከላዩ ያለው ኤረር ጭራ ነው። «መጀመሪያ የታወጀው እዚህ ነበር» ዓይነት ጥቆማ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያለው ኖቱ ውስጥ ነው።

ልጅቷ ሦስቱን ጨርሳ በደስታ ስትዘል አዲስ ኤረር መጣ። «ጋሼ፣ አባሰው!» አለች። ሊንከሩ ነበር። ሊንከር የሚሠራው ኮምፓይለሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የእሱ ኤረር ሲመጣ እየተራመዳችሁ ነው ማለት ነው።

6. አሁን ዋርኒንጎቹን ቀስቅሱ

ቀዩ ሲያልቅ ብዙ ሰው ላፕቶፑን ይዘጋል። ቢጫውን ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። በነባሪው ጂሲሲ ዋርኒንግ ላይ ቁጥብ ነው። እንዲናገር ማዘዝ አለባችሁ።

ዋናው አማራጭ «ደብሊው-ኦል» ነው። ሲጻፍ መጀመሪያ ሰረዝ፣ ከዚያ ትልቁ ደብሊው፣ ከዚያ ኦል የሚለው ቃል በትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍተት። ስሙ «ሁሉም» ቢልም ሁሉንም አያበራም። ለዚያ «ደብሊው-ኤክስትራ» ይጨመራል። እሱም ቢሆን ሁሉንም አይደለም። ለተማሪ ሁለቱ ይበቃሉ። አንድ ሦስተኛ ግን እጨምራለሁ፦ «ኦ2»፣ ማለትም ኮዱን አፍጥነው የሚለው አማራጭ። አንዳንድ ዋርኒንጎች፣ በተለይ ዋጋ ሳይሰጠው ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል ቫርያብልን የሚጠቁመው፣ ኮምፓይለሩ ኮዱን ለማፍጠን በጥልቀት ሲመረምረው ብቻ ነው የሚወጡት።

7. ቢጫውን በሦስት ክፈሉት

በአብዛኛው የጂሲሲ ዋርኒንግ መጨረሻ ላይ በካሬ ቅንፍ ውስጥ የአማራጩ ስም አለ። ያ ስም የዋርኒንጉ ምድብ ነው። መልእክቱን ከማንበባችሁ በፊት እሱን አንብቡ።

«ዛሬ» የምለው ቁልል ፕሮግራሙ የተሳሳተ መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው ነው። ዋጋ ያልተሰጠው ቫርያብል፤ ሪተርን የጎደለው ፈንክሽን፤ ፕሪንትኤፍ ላይ ከዓይነቱ የማይገጥም ፎርማት፤ የውስጥ ቫርያብልን አድራሻ ወደ ውጭ መመለስ። ኢፍ ውስጥ በ«==» ፈንታ «=» መጻፍም «ፓረንተሲስ» በሚል ስም እዚሁ ይገባል። እነዚህን እንደ ቀይ ቁጠሯቸው።

«ነገ» የምለው ልክ ሊሆንም ላይሆንም የሚችለው ነው። ለምሳሌ «ሳይን ኮምፔር»። አሉታዊ መሆን የሚችልን ቁጥር አሉታዊ ከማይሆን ጋር ስታወዳድሩ ይመጣል። ቀላል ይመስላል። ግን በሲ −1ን ባለ 32 ቢት አንሳይንድ (አሉታዊ የማይሆን) ከሆነ 1 ጋር ብታወዳድሩ −1 ይበልጣል! ምክንያቱም −1 ወደ 4,294,967,295 ይቀየራል። ይህን ቁልል አንድ በአንድ ማየት ነው እንጂ አቋራጭ የለውም።

«ጽዳት» የምለው ጥቅም ላይ ያልዋለ ቫርያብል፣ ፓራሜትር፣ ፈንክሽን ነው። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ለምን ጻፍኩት? ድምሩን አስልታችሁ ሌላ ቫርያብል እያተማችሁ ከሆነ፣ ጥቅም ላይ ያልዋለው ድምር ቆሻሻ አይደለም። የጥፋቱ ጥቆማ ነው።

ምድቡ ደግሞ ለዘለዓለም አይደለም። ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽን እ.ኤ.አ. ከ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ ጀምሮ ክልክል ነው። ጂሲሲ ግን እስከ 2024 ድረስ በነባሪው ቢበዛ ዋርኒንግ ሰጥቶ ያልፍ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ጂሲሲ 14 ኤረር አደረገው። ክልክል ከሆነ ከ25 ዓመት በኋላ ቀይ ሆነ። በድሮ ኮምፓይለር የተገነባ የሰው ኮድ አውርዳችሁ በአዲሱ ሲወድቅባችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተገላቢጦሹ፣ ማለትም ምንም ቢጫ ሳይታይ ያለፈ ጥፋትም አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 አፕል በአይፎንና በማክ ላይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ደፈነ። የኢንተርኔት ግንኙነትን ደኅንነት የሚያረጋግጠው ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (ወደ መጨረሻው ዝለል) የምትለዋ መስመር በስህተት ሁለቴ ተጽፋ ነበር። ሁለተኛዋ ከኢፉ ውጭ ናት፤ ግን ገብ ብላ ስለተጻፈች ለዓይን ውስጥ ትመስላለች። ከእሷ በታች ያለው ፍተሻ ጭራሽ አይደረስበትም። የያኔው «ደብሊው-ኦል» አይናገራትም። በ2016 የወጣው ጂሲሲ 6 ነው አሳሳች ገባ ማለትን የሚያይ ዋርኒንግ ይዞ የመጣው። እሱም «ደብሊው-ኦል» ውስጥ ገባ።

8. የሚሾመውን ሹሙ፤ አፉን የሚይዘውን አስይዙ

«ዛሬ» ቁልል ውስጥ ያሉትን ወደ ኤረር ማሳደግ ይቻላል። «ደብሊው-ኤረር» ብላችሁ የእኩል ምልክትና የምድቡን ስም ታስከትላላችሁ። ለምሳሌ ሪተርን የጎደለው ፈንክሽን ካለ ግንባታው ይቁም ማለት ትችላላችሁ። ሁሉንም ዋርኒንግ በጅምላ ኤረር ማድረግም አለ። በራሳችሁ ማሽን ጥሩ ነው። ለሰው በምትሰጡት ኮድ ውስጥ ግን አታስቀሩት። የሚቀጥለው የኮምፓይለር ስሪት አዲስ ዋርኒንግ ይጨምርና ምንም ያልነካ ሰው ኮዳችሁን መገንባት ያቅተዋል።

ዝም ለማሰኘት ከደብሊው ቀጥሎ «ኖ» እና ሰረዝ ተጨምሮ የምድቡ ስም ይጻፋል። የሰው ላይብረሪ ከሆነ የሚጮኸው፣ ፎልደሩን «አይሲስተም» በሚለው አማራጭ ካስገባችሁት ጂሲሲ በሄደሮቹ ውስጥ ያለውን ዋርኒንግ ይተዋል። ፓኔሉ ላይ ብቻ መደበቅ ከፈለጋችሁ በማጣሪያ ሳጥኑ ቃለ አጋኖ አስቀድማችሁ መደበቅ የምትፈልጉትን ቃል ጻፉ። ይህ ዓይናችሁን ብቻ ያሳርፋል፤ ግንባታው ላይ ለውጥ የለውም።

ሳይገባችሁ ግን ዝም አታሰኙ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የሆነው ይህ ነው። እርግጥ ያን ጊዜ የተናገረው ኮምፓይለር ሳይሆን ሜሞሪ የሚፈትሽ መሣሪያ ነበር። ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጢር ቁልፍ የሚፈጥር ላይብረሪ ውስጥ «ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ አለ» አለ። ዝም ለማሰኘት መስመሮች ተነሡ። ከተነሡት አንዷ የምስጢር ቁልፎቹን የማይገመቱ የምታደርገው ነበረች። በ2008 ሲደረስበት፣ ለአንድ ዓይነት ማሽንና ለአንድ የቁልፍ መጠን ሊፈጠሩ የሚችሉት ቁልፎች ወደ 32,768 ወርደው ተገኙ። ያን ያህል ቁልፍ አንድ ላፕቶፕ ሞክሮ ይጨርሰዋል።

9. ብዙ ቢጫ ያለበት አሮጌ ኮድ ከሆነ

300 ዋርኒንግ ያለበት ኮድ ከወረሳችሁ በምድብ ቁጠሩት። የግንባታውን ውጤት ወደ ፋይል ላኩት። ጂሲሲ የሚናገረው በስህተት መስመር ስለሆነ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ «2>&1» ካልተጨመረበት ዋርኒንጎቹን ፋይሉ ውስጥ አታገኟቸውም። ከዚያ በካሬ ቅንፍ ያሉትን ስሞች በግሬፕ አውጥታችሁ በሶርትና በዩኒክ ቁጠሩ፤ ሦስቱም የተርሚናል ትእዛዞች ናቸው፦ ፈላጊ፣ ደርዳሪና ቆጣሪ። ከ300ው 220ው ጥቅም ላይ ያልዋለ ፓራሜትር ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። እሱን ለጊዜው አቆዩት። ሁለት ብቻ ያለው ምድብ ነው መጀመሪያ የሚታየው፤ ብርቅ የሆነ ዋርኒንግ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ጥፋት ይዟል። የዛሬውን ጠቅላላ ቁጥር ጻፉትና ከዚያ በላይ እንዳይወጣ ብቻ ጠብቁ።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ሊንከሩን በታስክ ፋይሉ አስተካክለን ፕሮግራሙ ሠራ። «በቃ ጋሼ፣ ላስገባው» አለች። «ደብሊው-ኦል»ን፣ «ደብሊው-ኤክስትራ»ንና «ኦ2»ን አስጨመርኳት። ሰባት ቢጫ መጣ። አምስቱ ጽዳት፣ አንዱ ሳይን ኮምፔር። ሰባተኛው ድምር የምትይዘው ቫርያብል ዋጋ ሳይሰጣት ልትነበብ ትችላለች ይላል። ከሉፑ በፊት ዜሮ አላደረገቻትም።

ዝም ብላ አየችው። ከዚያ፣ «ለዚህ ነው እንዴ የመጀመሪያው ተማሪ አማካይ አንዳንዴ ሺህ ቤት የሚገባው?» አለች። አራት ቀን ሙሉ ቁጥሩን የሚያነበው ስካንኤፍ ላይ ስትፈልገው ኖራለች።